አሮጌው ኮምፒውተርና የአባላት ሒሳብ

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮችና ለተጋባዥ የመንግሥት ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር








በእንዲህ ያለ ቀን ስለተገነባው መጋዘን፣ ስለተገዛው የጭነት መኪናና ስለተከፋፈለው ትርፍ መናገር የተለመደ ነው። የዚህ ንግግር ርእስ ግን በሒሳብ ክፍሉ ጥግ በጨርቅ ተሸፍኖ ስለተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ርእሱ ለበዓል የማይመጥን ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ የሚከበረው የዓመታት ልፋት በቁጥር ተጽፎ የሚገኘው በዚያ ሣጥን ውስጥ ነው።

በኢትዮጵያ ዛሬ የሚታወቁት የገበሬዎች ዩኒየኖችና ዊንዶውስ ኤክስፒ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1999፣ የሲዳማው በ2001፣ የይርጋጨፌው በ2002 ተመሠረቱ። ዊንዶውስ 98 እ.ኤ.አ. በ1998፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ በኦክቶበር 2001 ለገበያ ቀረቡ። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተቋቋመ ዩኒየን ከወፍራም መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲሸጋገር የመጀመሪያውን የዕጣ ዝርዝር፣ የርክክብ ሰነድና የማዳበሪያ ዕዳ የመዘገበው በእነዚህ ዊንዶውሶች ላይ ነው።

ጉዳዩ ለአባላት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አንድ ምሳሌ ያሳያል። አንድ አርሶ አደር ማኅበሩ ሲቋቋም ዕጣ ገዝቶ፣ ለዓመታት ምርቱን ሲያስረክብ ኖሮ ከዚህ ዓለም በሞት ቢለይ፣ ባለቤቱና ልጆቹ ድርሻውን ለመጠየቅ ይመጣሉ። በእጃቸው ያለው ደረሰኝ ጢስ የጠጣና ቀለሙ የለቀቀ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ምስክሩ የማኅበሩ መዝገብ ነው። መዝገቡ ሲያጠራጥር ደግሞ ዩኒየኑ ዘንድ ካለው የርክክብና የትርፍ ክፍፍል ሰነድ ጋር ይመሳከራል። ያ ሰነድ ያለው በማይነሣ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ የሟች ልፋት ማስረጃ አጣ ማለት ነው።

ጎተራው፣ መክፈቻውና እህሉ

ነገሩን አርሶ አደር በሚያውቀው ቢመስሉት፣ ኮምፒውተሩ ጎተራ፣ ሶፍትዌሩ የጎተራው መክፈቻ፣ መረጃው ደግሞ እህሉ ነው። ጎተራ ቢያረጅ ይጠገናል፣ ካልሆነም ሌላ ይሠራል። መክፈቻው የጠፋ እንደሆነ ግን እህሉ እያለ ቤተሰብ ይራባል። አስተዋይ ገበሬም የዘር እህሉን በሙሉ በአንድ ጎተራ አያኖርም። የአሮጌ ኮምፒውተር አያያዝም ከዚህ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም።

የመረጃ ጠላት ሁልጊዜ ሌባ ወይም እሳት አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ወይም አልነሣ ሲል ወደ ጥገና ቤት ይላካል፤ ጠጋኙም “ፎርማት ይደረግ” ይላል። ፎርማት ማድረግ ሃርድ ዲስኩን ጠርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነውና፣ አስቀድሞ ያልተገለበጠ ሒሳብ አብሮ ይጠረጋል። ኮምፒውተሩ ፈጥኖ ይመለሳል፣ ሒሳቡ ግን አይመለስም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በመሆኑም ማንኛውም የጥገና ማዘዣ “መረጃው ሳይገለበጥ ፎርማት እንዳይደረግ” የሚል ቃል በጽሑፍ ሊይዝ ይገባል።

ዕቃውን በሕይወት ማቆየት

አሮጌ ኮምፒውተር የሚታመምባቸው ምክንያቶች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው አቧራ ነው። ከመጋዘን አጠገብ ባለ ቢሮ የእህልና የቡና ገለፈት ብናኝ ወደ ኮምፒውተሩ ገብቶ ማራገቢያውን ያፍናል። ሙቀቱ ሲበረታ ኮምፒውተሩ በሥራ መሐል በራሱ ይጠፋል። ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በየሦስት ወሩም ከኤሌክትሪክ ነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ዕድሜውን ያረዝመዋል። ሲከፈት እየጮኸ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ራሙ በትክክል አለመንካቱ ነው። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፣ ራሙ ወጥቶ፣ የሚያብረቀርቀው ጠርዝ በላጲስ ተጠርጎ ሲመለስ ኮምፒውተሩ የሚነሣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠች፣ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፤ መጠሪያዋ ሲአር 2032 ነው። ይህች ባትሪ ስትደክም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ቀኑን ይረሳና በበነጋው ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሣል። የሒሳብ ሠራተኛው ሳያስተውል ቢመዘግብ የዘንድሮው ርክክብ ባለፉ ዓመታት ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ በምርመራ ወቅትም ጉድለት መስሎ ይታያል። ባትሪዋ ዋጋዋ ትንሽ ናት፤ በጊዜ አለመለወጧ ግን ሰውን በማያውቀው ጥፋት ሊያስጠይቅ ይችላል። ጠዋት ከሥራ በፊት ቀኑን ማየት ልማድ መሆን አለበት።

ሦስተኛው መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከመጠን ያለፈ ኃይል ዕቃውን ያቃጥላል። በምዝገባ መሐል ድንገት ሲጠፋ ደግሞ የሒሳቡ ፋይል ይበላሻል። ስለዚህ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ያስፈልጋሉ። የዩፒኤስ ባትሪም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሚደክም፣ ዩፒኤስ አለ ብሎ ከመተማመን ይልቅ በየጊዜው መፈተኑ ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ጉድለት ያለባቸው ካፓሲተሮች ነበሩ። አናታቸው ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጡ፣ እጁ የሠለጠነ የራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሊለውጣቸው ይችላል።

አራተኛውና ዋናው ሃርድ ዲስኩ ነው። የማንኳኳት ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት እንጂ ደጋግሞ መክፈት ጉዳቱን ያብሰዋል። በሌላ በኩል ኮምፒውተሩ አልነሣም ማለት መረጃው ጠፋ ማለት አይደለም። ሌላው ክፍል ተቃጥሎ ሃርድ ዲስኩ ደኅና ሊሆን ይችላል። በሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ የሚገናኙት የድሮ ዲስኮች እንኳ በዩኤስቢ መሸጋገሪያ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው ሊነበቡ ይችላሉ።

የሒሳቡ ሶፍትዌር

በኢትዮጵያ የሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ በሰፊው የታወቀው ፒችትሪ ነው። በኋላ ስሙ ተለውጦ ሴጅ 50 ተብሏል። አዲሱ እትም የአሮጌውን ሒሳብ ከፍቶ ወደ ራሱ ይለውጠዋል። ከተለወጠ በኋላ ግን አሮጌው እትም ሊከፍተው አይችልም። ስለሆነም ከመለወጡ በፊት አንድ ያልተነካ ቅጂ ማስቀረት ግድ ነው። ሲዲው፣ የምዝገባ ቁጥሩና የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ሊቀመጡ ይገባል። ምሥጢሩን የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ሥራ በለቀቀ ማግስት መክፈቻው ጠፋ ማለት ነው።

የፒችትሪ መጠባበቂያ ቅጂ የሚነበበው በፒችትሪ ብቻ ነው። ስለዚህ በየበጀት ዓመቱ መጨረሻ ዋና ዋናዎቹ ሪፖርቶች በወረቀት ታትመው ይፈረምባቸው፤ ወደ ኤክሴልም ይገልበጡ። ወረቀትን ለማንበብ ሶፍትዌር አያስፈልግም።

ደረሰኝ በካርቦን የምታትመው ባለ ሪባን ፕሪንተርም ልትረሳ አይገባም። የቆዩት በፓራለል ገመድ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ይህ መሰኪያ የላቸውም። አሮጌው ኮምፒውተር ከመወገዱ በፊት ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

የአማርኛው ፊደል

ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሆኖም ዊንዶውስ ኤክስፒ የአማርኛ ፊደል ይዞ አልመጣም። ኒያላ የተባለው ፊደልና የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶው ጋር አብረው የመጡት እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ቪስታ ነው። ከዚያ በፊት ቃለ ጉባኤና የአባላት ስም የሚጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት ነበር። የቀድሞዎቹ እትሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ሰነዱ ፊደሉ ወደሌለበት አዲስ ኮምፒውተር ሲሄድ የመሥራች አባላት ስም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል።

ይህን ያየ ሠራተኛ ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም። የድሮው ፊደል ሲጫን ጽሑፉ ተመልሶ ይነበባል። ዘላቂው መፍትሔ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ነው። ይህም ሲሆን የተለወጠው ዝርዝር ከታተመው ጋር በሁለት ሰው፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ መመሳከር አለበት። ስሙን በእጅ ዳግም መጻፍ ካስፈለገ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። በአንዱ መዝገብ “ፀሐይ”፣ በሌላው “ጸሃይ” ተብሎ የተጻፈ ስም ለሰው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት አባል ነው። የትርፍ ክፍፍል በእንዲህ ያለ ስሕተት መዛባት የለበትም።

ከውጭ የሚመጣው ነቀዝ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቋረጠው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ደግሞ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። ድጋፍ ተቋረጠ ማለት ኮምፒውተሩ ሥራ ያቆማል ማለት ሳይሆን፣ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች ፋይሎችን እየቆለፈ ገንዘብ ጠይቋል። በዚያ ወቅት ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ እንኳ ለየት ያለ መድፈኛ አውጥቶ ነበር። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ ያለውን መጠበቅ አይቻልም።

ስለዚህ አሮጌው የሒሳብ ኮምፒውተር ከኢንተርኔትም ከቢሮው ኔትወርክም ሊነጠል ይገባል። ኢሜይል የሚታይበትና ሒሳብ የሚሠራበት ኮምፒውተር ይለያይ። ፍላሽም በር መሆኑ አይዘንጋ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የተነሣው ኮንፊከር በኔትወርክም በፍላሽም ይተላለፍ ነበር። ለሒሳብ ክፍሉ ብቻ የሚያገለግል፣ አስቀድሞ በአዲሱ ኮምፒውተር የሚመረመር አንድ ፍላሽ መመደብ ይበቃል።

ወደ አዲሱ ጎተራ ማዛወር

ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ መልካም አያያዝ ዕድሜ ያረዝማል፤ ሞትን ግን አያስቀርም። አሮጌውን ኮምፒውተር መንከባከብ የሚያስፈልገው እህሉ ተጭኖ እስኪያልቅ ድረስ ነው። በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አሮጌ ኮምፒውተርን የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቨርቹዋል ቦክስ ከእነዚህ አንዱ ነው። በውስጡ ኤክስፒን ከነፈቃዱ በመጫን፣ ከነፒችትሪውና ከነድሮው የአማርኛ ፊደል ማስቀመጥ ይቻላል። በዶስ ዘመን የተሠሩና ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የማይቀበላቸው የደመወዝና የመጋዘን ፕሮግራሞችም ብዙዎቹ እዚያ ውስጥ ይሠራሉ። ይህ ሲዘጋጅ የድሮው ሒሳብ ለማየት ብቻ እንጂ አዲስ ነገር ለመመዝገብ እንዳይውል መወሰን ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩ በጨረታ ይወገድ ሲባልም ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ ይቅር። አለበለዚያ ገዢው ከሣጥኑ ጋር የአባላትን ዕዳና ቁጠባ አብሮ ይዞ ይሄዳል። ይህ በተለይ ንብረት ማስወገድን የሚፈቅዱ ኃላፊዎች የሚመለከት ነው።

አባላት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች

የኮምፒውተር ዕውቀት የሌለው አባልም በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ ሦስት ጥያቄ ማንሳት ይችላል።

አንደኛ፣ የማኅበሩ ሒሳብ ስንት ቦታ ተቀምጧል? አንዱ በሒሳብ ክፍሉ፣ አንዱ በካዝና፣ አንዱ ከግቢው ውጭ ቢሆን መልካም ነው። ሁሉም በአንድ ክፍል ካሉ እሳቱም አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ የታየው መቼ ነው? ተቀድቶ ተከፍቶ ያልታየ ሒሳብ፣ በቅሎ ያልታየ ዘር ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራውን የሚያውቀው ሠራተኛ ነገ ባይኖር ማን ይከፍተዋል?

ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በቃለ ጉባኤ የሰፈረ መልስ ያለው ማኅበር አሮጌ ኮምፒውተሩ ዛሬ ቢቃጠል እንኳ የሚያጣው ሣጥኑን ብቻ ነው። መልስ የሌለው ግን አዲስ ኮምፒውተር ቢገዛም ከስጋት አልወጣም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷልና፣ ትናንት አዲስ የተባለው ዛሬ አሮጌ ሆኗል። ሣጥኑ ይለዋወጣል፤ ሒሳቡ ግን ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ አለበት።

በሕጉ መሠረት የማኅበራት ሒሳብ በየዓመቱ ይመረመራል። ከዚህ በዓል በኋላ በሚደረገው ምርመራ ላይ “አሮጌው ኮምፒውተርና ቅጂዎቹ” የሚል አንድ ነጥብ ቢጨመር፣ ለመሥራቾቹ የሚገባ ውለታ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ነገሩ ለነገ ባይባል መልካም ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!