ባትሪው በቆላ ይጎዳል፣ በደጋ ይቆማል
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መኪናችን ባትሪ ነው። «ይህ የሾፌር ጉዳይ አይደለም ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። እህላችንን የምትጭነው፣ በሌሊት ምጥ የያዛትን እህታችንን ወደ ሆስፒታል የምታደርሰው ይህችው መኪና ናት። በዚያ ሰዓት አልነሳም ብትል የሚጎዳው ሾፌሩ አይደለም።

በሌላው ዓለም ብርዱ የሚመጣው በክረምት ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ብርዱ የሚጠናው በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ሌሊት ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ማለዳ መኪና ማስነሳት ይከብዳል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ባትሪው ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ ቅዝቃዜው ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ሲሶ ያህል ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል። የሞተር ዘይቱም ስለሚወፍር ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። አቅም ባነሰበት ሰዓት ሸክም ይበዛል ማለት ነው።

ሆኖም የባትሪን ዕድሜ ይበልጥ የሚያሳጥረው ሙቀት ነው። መኪናችን ወደ አበርገሌና ወደ ዝቋላ ቆላ ስትወርድ የባትሪው ውሃ ይተናል፣ በውስጡ ያለው እርሳስም ቶሎ ይበላል። ጉዳቱ በቆላ አይታይም፤ ደጋ ላይ በብርድ ማለዳ ይገለጣል። ስለዚህ ከቆላ በተመለስን ቁጥር ባትሪውን እንይ።

መጀመሪያ ውሃውን። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ 6 ክፍሎች አሉት። በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች በፈሳሽ መሸፈን አለባቸው። ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧና የምንጭ ውሃ ማዕድን ስላለው ይጎዳዋል። አሲድም አይጨመርም፤ የሚተነው ውሃው ነውና።

ቀጥሎ ማሰሪያዎቹን። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ መጀመሪያ የኔጌቲቩ ገመድ ይፈታ። በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ታጥበውና ደርቀው ይጠበቁ፣ ኔጌቲቩ በመጨረሻ ይታሰር፣ ከላይ ቫዝሊን ይቀባ። መንገዳችን ኮረኮንች ስለሆነ ባትሪው ራሱ እንዳይነቃነቅ በደንብ ይታሰር።

ሦስተኛው ልኬት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሩብ ያህል ጎድሏል፤ ወደ 12 ከወረደ ሳይውል ሳያድር ቻርጅ ይደረግ። ጎድሎ የከረመ ባትሪ ውስጡ ይደድርና ተመልሶ አይሞላም። ሞተሩ እየሠራ ወደ 14 ቮልት ካልደረሰ ደግሞ ዲናሞው ይታይ። ሞተር ጠፍቶ ስልክ መሙላትና ራዲዮ መክፈት ይቅር።

ጥንቃቄም አለው። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ሻማም ክብሪትም አይቅረበው፤ በር የተዘጋበት ቤት ውስጥም አይሁን። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ያለቀ ባትሪ በግቢ አይጣል፣ እርሳሱም በቤት አይቅለጥ፤ ለልጆቻችን አእምሮ መርዝ ነው።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከመካከላችን ሁለት ሴቶች ይመረጡ፤ በየወሩ በስብሰባችን ቀን ከሾፌሩ ጋር ሆነው ውሃውን፣ ማሰሪያውንና ቮልቱን አይተው በደብተር ይመዝግቡ። ለአንድ ጠርሙስ የባትሪ ውሃ የምናወጣው ገንዘብ ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ደጋፊዎቻችንም ደብተሩን ሲያዩ የሰጡን ንብረት እንዴት እንደተያዘ ያውቃሉ። ተወያዩበትና ዛሬውኑ እንወስን።