ቀመር ከገጽ ወደ ገጽ ሲተላለፍ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው አርእስቴ ላይ ላዩን ሲያዩት የአታሚዎች እንጂ የመሐንዲሶች ጉዳይ አይመስልም። ይኸውም በሶፍትዌር መመሪያ ውስጥ የሚጻፍ የሒሳብ ቀመር በወረቀት ቢታተም፣ በኮምፒዩተር ስክሪን ቢታይ ወይም በተራ ጽሑፍ ቢላክ ትርጉሙ ሳይለወጥ የሚቆየው በምን ዘዴ ነው የሚል ነው።

በተራ ጽሑፍ አንድ ፊደል ቢጐድል አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ አሳብ ተነሥቶ ይሞላዋል። ቀመር ግን እንዲህ አይደለም። ትርጉሙ በምልክቶቹ ብቻ ሳይሆን በተቀመጡበት ስፍራም ጭምር ነውና። ወርዱ 20፣ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቢም እንውሰድ። ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያው «ወርድ × ከፍታ³ / 12» ስለሆነ ውጤቱ ወደ 106,667 ይጠጋል። ሰነዱ ከአንድ ዐይነት ወደ ሌላው ሲለወጥ ርቢው ወርዶ አንባቢው በ3 ቢያበዛው ግን 200 ያገኛል። ይህን ያህል የተራራቀ ስሕተት ራሱን ያጋልጣል። ይልቅ የሚያሠጋው ትንሹ ነው። 10² ወርዶ 102 ሲሆን ልዩነቱ ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ስለሆነ ማንም ሳይጠራጠረው ያልፋል። እንዲሁም ከመስመር በላይ 12፣ ከመስመር በታች 2 + 4 ሆኖ የተጻፈ ክፍልፋይ ያለ ቅንፍ በአንድ መስመር ሲዘረጋ «12 / 2 + 4» ይሆናል። 2 መሆን የሚገባው መልስ 10 ሆነ ማለት ነው።

ችግሩ ዛሬ የተወለደ አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በቤል ላቦራቶሪ ብራያን ከርኒሃንና ሎሪንዳ ቼሪ ኢኪውኤን ስለተባለው ፕሮግራማቸው በ1975 ጽፈዋል። ጸሐፊው ቀመሩን በቃል እንደሚያነበው አድርጎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ለማተሚያ መሣሪያ ያሰናዳዋል። መንትያው ፕሮግራም ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ ለተራ ተርሚናል ያቀርበዋል። ዶናልድ ክኑትም ቴክ የተባለውን ሥራ በ1977 ጀመረ። በ1998 የቀመርን አወቃቀር ለድረ ገጽ የሚገልጸው ማትኤምኤል ጸደቀ፤ ይሁን እንጂ ክሮም የተባለው ብሮውዘር በዘላቂነት የተቀበለው በ2023 ነው። በዚያ ረጅም ጊዜ ብዙ መመሪያዎች ቀመርን በሥዕል መልክ ለጠፉ። ሥዕል ግን ሲያጐሉት ሊደበዝዝ ይችላል፤ በውስጡ ያለውን ምልክት መፈለግ አይቻልም፤ መግለጫ ካልተጻፈለትም ዐይነ ስውር አንባቢ የሚጠቀምበት የንባብ ፕሮግራም ቀመሩን ላያነብለት ይችላል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሌላም ሥጋት አለ። ብዙዎቹ የሒሳብ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። በቴክና በዘመዶቹ ፎንቱ የማያውቀው ፊደል ሲገጥም ፊደሉ ከገጹ ሊቀር ይችላል፤ ሥራው ግን አይቋረጥም። ማስጠንቀቂያው የሚገኘው ጥቂት ሰው በሚያነበው የሥራ መዝገብ ውስጥ ነው። ገጹ የጸዳ፣ ቀመሩ ግን የጐደለ ሆኖ ይወጣል።

ስለሆነም የሚከተሉትን አሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ቀመሩ በአንድ ምንጭ ብቻ፣ አወቃቀሩን በሚገልጽ መልክ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱም ዐይነት ገጽ ከዚያው ይውጣ። ሁለተኛ፣ ለተራ ጽሑፍ የሚወጣው ቅንፉ የተሟላ፣ ርቢውም በግልጽ ምልክት ወይም በቃል የተነገረ ይሁን። ሦስተኛ፣ ከመሠራጨቱ በፊት እያንዳንዱ ቅጂ ተከፍቶ ከምንጩ ጋር ይመሳከር።

አራተኛውና ከሁሉ የምመርጠው፣ ከቀመሩ ሥር የምልክቶቹ ትርጉምና መለኪያ በቃል ተጽፎ፣ ሙሉ የቍጥር ምሳሌም ተሠርቶ ይቀመጥ። ርቢ ሊወርድ፣ ቅንፍ ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን «ወርድ 20፣ ከፍታ 40 ሲሆን መልሱ 106,667 ገደማ ነው» የሚል ተራ ዐረፍተ ነገር ከወረቀት ወደ ስክሪን፣ ከስክሪን ወደ ተርሚናል ሲሻገር ብዙ አይጎዳም። የተሳሳተ ቀመር የደረሰው አንባቢም ስሌቱን ከምሳሌው ጋር አስተያይቶ ከመገንባቱ በፊት ይነቃል። እኛ በሌለንበት መመሪያውን አምኖ የሚያሰላ ሰው ቢያንስ ይህን ያህል መከላከያ ይገባዋል።