በፎቶግራፍ ላይ ስለሚታየው ነጠብጣብና ስለ ማጥሪያው ዘዴ
(በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)





በዞናችን በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ወይም በባቲ የሰኞ ገበያ በጠራራ ፀሐይ የተነሣ ፎቶግራፍ ጥርት ብሎ ይወጣል። እዚሁ ከሚሴ በማታ ሠርግ ላይ የተነሣው ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በጥቁሩ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጥብ ይታያል። ይህን ባለሙያዎች ኖይዝ ይሉታል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ብርሃን እንደ ዝናብ በጠብታ የሚወርድ ነው። በግቢያችን ጣሳዎች ብንደረድርና ካፊያ ቢያካፋ አንዱ ሦስት ጠብታ፣ ሌላው ስድስት ያገኛል፤ ዶፍ ሲወርድ ግን ልዩነቱ አይታወቅም። ሴንሰር የሚባለው የካሜራው ብርሃን ተቀባይም እንዲሁ ነው። አንዲት ነጥብ 100 የብርሃን ቅንጣት ብትቀበል መዋዠቁ 10 ያህል፣ ይኸውም ከመቶ ዐሥር ነው፤ 10,000 ብትቀበል ግን 100 ያህል፣ ይኸውም ከመቶ አንድ ብቻ ነው። የስልክ ሴንሰር ትንሽ ስለ ሆነ የሚቀበለው ብርሃንም ጥቂት ነው። አይ.ኤስ.ኦ. የተባለውን ቁጥር ከፍ ማድረግም ያለውን ከነጉድለቱ ያጎላል እንጂ ብርሃን አይጨምርም።

እንግዲህ ማጥሪያው ሁለት ነው። አንደኛው በሚነሣበት ጊዜ ነው። ስልኩን አስደግፈን የማይንቀሳቀስ ነገር 4 ጊዜ አንሥተን በሶፍትዌር አማካዩን ብንወስድ ነጠብጣቡ በግማሽ ይቀንሳል፤ 16 ጊዜ ብናነሣ ሩቡ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው ከተነሣ በኋላ ነው። በነጻ የሚገኘው ጂምፕም ሆነ ላይትሩም እያንዳንዱን ነጥብ ከጎረቤቶቹ ጋራ እያስተያየ ያለሰልሳል። በላይትሩም አስቀድመን የቀለሙን ነጠብጣብ እናጠፋለን፤ ዓይናችን በቀለም ላይ ያለውን ጥቃቅን ነገር አጥርቶ ስለማያይ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። የብርሃኑን ነጠብጣብ ግን በጥቂት በጥቂቱ እንቀንሳለን፤ ከበዛ ፊት ሁሉ እንደ ሰም ይሆናል።

ከባዱ ጉዳይ ይህ ነው። በየቤታችን አያቶቻችን ያቆዩዋቸው የእጅ ጽሑፎችና አንድ ብቻ የቀሩ ፎቶግራፎች አሉ። በአረብኛ ባ፣ ታና ሳ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው፤ በአማርኛም ሰ እና ሸን የሚለያቸው ትንሽ ጭረት ናት። ማጥሪያው ይህችን ነጥብ እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ካጠፋት ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 ላይትሩም ውስጥ የገባው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ማጥሪያ ሥራውን እጅግ አቃልሏል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው መሣሪያ የጎደለውን የሚሞላው ከሌሎች ሥዕሎች በተማረው ግምት ነው። የአያት ግንባር ሽብሽብ ግን በግምት አይሞላም።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ሁልጊዜ በቅጂው ላይ እንሥራ፤ ዋናውን ከነነጠብጣቡ እናስቀምጥ። ጥቂት አሸዋ ያለበት እውነተኛ መልክ፣ ጠርቶ ከተለወጠ መልክ ይበልጣል።