መረቡን ያላስደፈረው ማን ነበር?

በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃ፣ በኮኪት፣ በሽንፋ፣ ከዚያም ወዲያ በቋራ ቆላ ሬዲዮናችሁን የከፈታችሁ፣ የቀኑ ሐሩር በረድ ብሎላችሁ አልጋችሁን ደጅ ያወጣችሁ፣ ቡናችሁን የከበባችሁ ሁሉ ሰላማችሁ ይብዛ። የዛሬው ወጋችን ስለ በረኛ ነው።

ከአንድ ጥያቄ እንነሣ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያ ከሱዳን። መቼም ይህን ጨዋታ መተማ ላይ የሚረሳው የለም፤ ከድልድዩ ወዲህ ያለው አንዱን፣ ከድልድዩ ማዶ በሱዳኗ ገላባት ያለው ሌላውን የሚደግፍበት ጨዋታ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተናል። ለአፍሪካ ዋንጫ ካለፍን 31 ዓመት ሊሆነን ነው። በመልሱ 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳችን ውጪ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች አሳለፉን። አገሩ አበደ።

ሁለቱን ጎሎች ማን አገባ? ይህን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፦ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ። አሁን ሌላ ስሌት እንሥራ። በዚያ ቀን ሱዳን አንዲት ጎል ብታገባስ ኖሮ? 2 ለ 1 እናሸንፋለን፣ በድምሩ 6 ለ 5 እንወድቃለን፣ የዋንጫውን አዘጋጅ ደቡብ አፍሪካን በቴሌቪዥን እናያታለን። እንግዲህ ያቺ ዜሮ የሁለቱን ጎሎች ያህል ሠርታለች ማለት ነው። ታዲያ በዚያ ቀን መረቡን ያላስደፈረው በረኛ ማን ነበር? እስኪ አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ኳስ ወዳድ ነኝ የሚለውንም ጠይቁ። ብዙው ሰው ዓይኑን ወደ ጣሪያ ይሰቅላል፤ ከዚያ “ቆይ፣ ቆይ፣ ምላሴ ላይ ነው” ይላል።

የበረኛ ነገር እንዲህ ነው። እንደ ሰሊጥ ማሳ ጠባቂ ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ተራግፎ፣ ጆንያ ሲሞላ ስሙን የሚያነሣ የለም፤ አንድ ሌሊት ከብት የገባ እንደሆነ ግን ማን ሲጠብቅ እንደነበረ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ንቀቱ የሚጀምረው ከሰፈር ሜዳ ነው። ቡድን ሲከፈል ታያላችሁ። ሁለቱ ጎበዞች ይቆሙና እየተፈራረቁ ይመርጣሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ልጅ፣ ወይ ጫማ የሌለው፣ ወይ ኳስ እግሩ ላይ የማይቆምለት፣ “አንተ በረኛ ሁን” ይባላል። እዚህ ቆላ ላይ ደግሞ በረኝነት ዕዳ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ኳሱ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት አይጀመርም። ዋልካው በክረምት ጭቃ ነው፤ በበጋ ደግሞ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል፣ የስንጥቁ ጠርዝ እንደ ጡብ የጠነከረ ነው። አጥቂው በዚህ ላይ ይሮጣል፤ በረኛው ግን በዳሌው ይወድቅበታል። ስለዚህ ብልጡ ልጅ ሁለት ሱሪ ደርቦ ይመጣል።

ጎሉም ሁለት ሽመል ነው፣ አለዚያም ሁለት ድንጋይ። አግዳሚ የለውም። አግዳሚ ከሌለ ኳሱ በላይ ሄደ ወይስ ገባ የሚለው በምን ይለካል? በበረኛው እጅ! ዘሎ የማይደርስበት ከሆነ “በላይ ነው” ይባላል፤ ጠቡ ከዚያ ይጀምራል። አንዱ “ዝለልና አሳየን” ይለዋል፣ ልጁም ይዘላል፤ የገዛ ቡድኑ ደግሞ ከኋላ “በደንብ እንዳትዘል” እያለ ያንሾካሹካል። አጭር በረኛ ያለው ቡድን ጎሉም አጭር ነው። ተንቆ የቆመው ልጅ ሳያስበው ሜዳውን ለክቶ የሚፈርደው እሱ ሆኖ ያርፈዋል።

ከሰፈር ወጥተን ወደ ትልቁ መድረክ እንመለስ። በጥር 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋሊያዎቹ ለአፍሪካ ዋንጫው ደቡብ አፍሪካ ገቡ፤ አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው። ጥር 13 ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር የመጀመሪያው ጨዋታ። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ፤ የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ሙዌኔ አዳነበት። ጥቂት ቆይቶ የእኛው ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ ቺሳምባ ሉንጉን በአየር ላይ ገጨውና ቀይ ካርድ አየ። ዘሪሁን ታደለ ጓንቱን አጥልቆ ገባ። በዐሥር ሰው ተጫውተን፣ ቀድሞ ቢገባብንም፣ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ 1 ለ 1።

በሁለተኛው ጨዋታ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ቀጣን። ልብ በሉ፣ በዚያ ጨዋታ ቀይ ያየው የእነሱ በረኛ አብዱላዬ ሱላማ ነበር፤ ከክልሉ ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ ነው። ውጤቱ ገና 1 ለ 0 ነበር። እነሱ በዐሥር ሰው ሦስት ጨመሩብን። ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ሲሳይ ባንጫ ጎሉ ላይ ቆመ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቪክተር ሞሰስን ጣለና ወጣ። ቅያሪ አልቋል። አማካዩ አዲስ ሕንጻ የበረኛ ማልያ ለብሶ ፍጹም ቅጣት ምት ሊያድን ቆመ። ገባበት፤ 2 ለ 0።

በሦስት ጨዋታ አራት ሰው በአንድ ጎል ሥር ቆመ። “ዕድል ነው” ብለን አለፍነው። የምድብ ባላጋራዎቻችንን ስናይ ግን ዕድል ብቻ አይመስልም። ያው ሙዌኔ እኛ ከቡርኪና ፋሶ ጋር በተጫወትንበት ቀን፣ ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ ናይጄሪያ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ፤ ቡድኑን አቻ አደረገ። አንድ አገር በረኛዋን “ሂድና ምታ” ብላ የምታምነው መቼም በአንድ ቀን አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ጉዳዬ። በረኛ ጓንቱን ሲሰቅል የት ይሄዳል?

በአገራችን የታላላቅ አሠልጣኞችን ስም ስናነሣ የመጡበትን ቦታ ልብ በሉ። ይድነቃቸው ተሰማ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነበሩ፤ በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥነው የአፍሪካ ዋንጫን አነሡ፣ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሩ። መንግሥቱ ወርቁ አጥቂ ነበር፤ አሠልጣኝ ሆነ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም አሠልጥኗል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፍንበትን ፍጻሜ ስናወራ ተክሌ ኪዳኔን፣ ሁለቱን ቫሳሎዎችና መንግሥቱን እንቆጥራለን። ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለት ጊዜ አቻ የሆንበት ጨዋታ ነበር። ከኋላ የቆመው በረኛ ጊላሚካኤል ሦስተኛዋ ጎል ብትገባበት ኖሮ ዛሬ የምንቆጥረው ስም ባልኖረን።

ይህች ግብፅ ከዚያ በፊት ምን እንዳደረገችን ደግሞ ከዚህ ከመተማ ወዲያ፣ ካርቱም፣ ይታወቃል። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያ ተደረገ። ፍጻሜው ላይ አድ-ዲባ የሚባለው ግብፃዊ አጥቂ ብቻውን አራት ጎል አገባብን፤ 4 ለ 0። የሰውዬውን ኋላ ታሪክ ስሙ፦ ዳኛ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በፉጨት የመራው እሱ ነው። አጥቂ አሠልጣኝም ይሆናል፣ ዳኛም ይሆናል። የበረኛ ሥራ ግን የሚያልቀው ከጎሉ መስመር ላይ ይመስለናል።

ወደ ሩቅ አገር እንሂድ። ሮማንያ በረኛ የማይጠፋባት አገር ናት። ኢሊዬ ዳትኩ የሚባለው ከቡካሬስት ወደ ቱርክ ተሻግሮ ለፌነርባቼ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1969/70 የውድድር ዓመት ፌነርባቼ ዋንጫውን ሲወስድ በ30 ጨዋታ የገቡበት ጎሎች ስድስት ብቻ ነበሩ። ዳትኩ መጫወት ሲያቆም ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ እዚያው ቱርክ የተለያዩ ክለቦችን ዋና አሠልጣኝ ሆኖ መራ። እንግዳ ሰው ነው፣ ያውም በረኛ፤ ግን ያወቀውን አልጣሉበትም።

ሌላው ሮማንያዊ ሄልሙት ዱካዳም ነው፤ የእሱ ታሪክ ለድንበር ሰው ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሴቪያ ላይ፣ በአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ፣ ክለቡ ስቴዋ ከባርሴሎና ጋር ያለ ጎል ጨረሱ። ባርሴሎናዎች አራት ፍጹም ቅጣት ምት መቱ፤ ዱካዳም አራቱንም ተከታትሎ አዳነ። 27 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ክንዱ ላይ የደም መርጋት ታመመ፤ ትልቁ ኳስ በዚያ ተቆረጠ። ኋላ በትውልድ መንደሩ በሴምላክ፣ ከሃንጋሪ ድንበር አጠገብ፣ የድንበር ፖሊስ ሆኖ ሠራ። ዲቪም ደርሶት ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ ሄዶ ተመልሷል። በመጨረሻ የድሮ ክለቡ ጠርቶ የክብር መሪ አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በ65 ዓመቱ ዐረፈ። እንግዲህ አንዱ በረኛ ዕውቀቱን የሚያስተላልፍበት ወንበር አገኘ፤ ሌላው ስሙ ተከበረለት እንጂ ቡድን አልተሰጠውም።

ሩቅ ነው ካላችሁ አፍሪካ ውስጥ እንቆይ። የሞሮኮው ባዱ ዛኪ እ.ኤ.አ. በ1986 የዓለም ዋንጫ በምድብ ሦስት ጨዋታ አንድ ጎል ብቻ ገባበት፤ ሞሮኮ ከእንግሊዝ፣ ከፖላንድና ከፖርቱጋል በላይ ሆና ምድቧን አለፈች፤ ምድብ ያለፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። በዚያ ዓመት የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ሰጡት፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እስከ አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አደረሳት፣ በቱኒዚያ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ወደ አውሮፓም ብንመለስ፣ ጣሊያናዊው ዲኖ ዞፍ በ40 ዓመቱ አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫ አነሣ፤ አሠልጣኝ ሆኖ ደግሞ አገሩን እ.ኤ.አ. ለ2000ው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ አበቃ።

በረኛ ለአሠልጣኝነት ምን አለው? አንደኛ፣ ሃያ አንዱን ተጫዋች ከፊቱ አሰልፎ የሚያይ እሱ ብቻ ነው። የተከላካይ መስመር ሲዛባ፣ አማካዩ ሲደክምና መመለስ ሲያቅተው ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ይናገራል፤ “ግራህን! ውጣ! ያዘው!” ይላል። ሦስተኛ፣ ስሕተቱ ጎል ስለሚሆን ከስሕተት በኋላ እንዴት እንደሚቆም ያውቃል። አጥቂ ሦስት ስቶ አንድ ቢያገባ ይዘፈንለታል።

የሚጎድለውም አለ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ልምምዱን ለብቻው ስለሚሠራ የአጥቂን ሩጫ፣ የአማካይን ድካም በእግሩ አያውቀውም። ብዙ ክለብ የበረኞች አሠልጣኝ ያደርገውና እዚያው ይተወዋል። ግን ጨዋታው ራሱ ይህን ግድግዳ እያፈረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ከጓደኛው በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይዝ ሕግ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በረኛ እንደ ተከላካይ በእግሩ መጫወት ግዴታው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ኳስ ይዞ ከስምንት ሰከንድ በላይ ከቆየ ለባላጋራው የማዕዘን ምት ይሰጣል ተባለ። ስለዚህ የዛሬ በረኛ ኳሱን ይዞ ተኝቶ ትንፋሽ መሰብሰብ አይችልም፤ በስምንት ሰከንድ ማን ነፃ እንደሆነ አይቶ፣ መርጦ፣ ማጥቃት መጀመር አለበት። ይህ ከአሠልጣኝ ሥራ በምን ይለያል?

በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ ቡድን የያዛችሁ መምህራንና ወጣቶች፣ አራት ነገር ልለምናችሁ። በረኛን በትርፍ አትምረጡ፤ ከሁሉ ቀድማችሁ ምረጡ። በእረፍት ሰዓት ሁሉም ሲያወራ እሱን መጀመሪያ አናግሩት፣ “ከኋላ ሆነህ ምን አየህ?” በሉት። በልምምድ ቀን ግማሹን ሰዓት ከጎሉ አውጡት፤ አማካይ አድርጋችሁ አጫውቱት፣ የሩጫውን ድካም በእግሩ ይወቀው። ጉልበቱ ዋልካውን አልችል ያለ ቀን ደግሞ ወደ ቤቱ አትሸኙት፤ ታዳጊዎቹን ስጡት።

ከመተማ ወጥቶ ፋሲል ከነማን፣ ከዚያም አልፎ ዋሊያዎቹን የሚያሠለጥን ሰው እንፈልጋለን ስንል ዓይናችን ዘወትር የሚሄደው ጎል ወደሚያገባው ልጅ ነው። ያንን ልጅ ሁሉም አይቶታል፤ ፈላጊም አያጣም። እናንተ ፍለጋውን ከሌላኛው ጫፍ፣ ከሁለቱ ሽመል መካከል ጀምሩት።