የሥጋው መንገድ፦ ከጃፓን የጥብስ ገበታ እስከ ሱሉልታ ሥጋ ቤቶች
(በእንስሳት ሐኪሞች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በውጭ አገር ስላየሁት የሥጋ አመጋገብ ልማድ እንድናገር የጉባኤው አዘጋጆች ሲጋብዙኝ፣ ርእሱ ለእንስሳት ሐኪሞች ጉባኤ ይስማማል ወይ የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ ባልደረቦች ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኛ ሥራ በበረትና በቄራ እንጂ በምግብ ቤት አይደለም የሚለው አስተሳሰብ አብሮን ብዙ ዘመን ኖሯል። ይሁን እንጂ ከብቱ በበረት፣ በገበያና በቄራ የሚያልፈው መንገድ ሁሉ መድረሻው ገበታ ነው። በገበታው ላይ የቀረበው ሥጋ ስለ ሥራችን ይመሰክርልናል፤ አለዚያም ይመሰክርብናል።

ከዚህ ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግረን ብንወርድ ሱሉልታን፣ በአምቦ መንገድ ብንሄድ ቡራዩን፣ በጅማ መንገድ ብንወጣ ሰበታን እናገኛለን። በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል በተቋቋመው የሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ የተካተቱት እነዚህ ከተሞች ለአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ የጋራ ስም አላቸው፤ ሥጋ የሚበላባቸው ናቸው። በሰንበት፣ በተለይም ጾም በተፈታ ሰሞን፣ የከተማው ሰው ቤተ ዘመዱንና ጓደኞቹን ይዞ ወደዚያ ይወጣል። ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ የተሰቀለውን ያያል፤ ቀለሙን፣ ጮማውንና ትኩስነቱን ይመዝናል። ከሻኛው ወይስ ከታላቁ፣ ከጎድኑ ወይስ ከሽንጡ ብሎ ያማርጣል። ግማሹ በጥሬው ከአዋዜ፣ ከሚጥሚጣና ከሰናፍጭ ጋር ይቀርባል፤ ግማሹ ተጠብሶ በሸክላ ከነፍሙ ይመጣል።

ይህን ልማድ በንቀት የሚያዩ አሉ። እኔ ከነሱ ወገን አይደለሁም። ጥሬ ሥጋ በዳግማዊ ምኒልክ ግብር ላይ በክብር ይቀርብ የነበረ፣ ደስታና ወዳጅነት የሚገለጽበት ምግባችን ነው። በተጨማሪም ደንበኛው ከመቁረጫው ፊት ቆሞ የሚያደርገው ምርጫ በራሱ አንድ ዓይነት ምርመራ ነው። ዓይኑን፣ አፍንጫውንና ከሥጋ ቆራጩ ጋር ያለውን የዓመታት ትውውቅ ይጠቀማል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ዓይንና ትውውቅ ብቻቸውን በቂ ምስክር ናቸው ወይ?

ለዚህ ጥያቄ ማነጻጸሪያ የሚሆነኝ የጃፓን የጥብስ ሥጋ ቤት ነው። በቋንቋቸው ያኪኒኩ ይሉታል፤ ትርጉሙ የተጠበሰ ሥጋ ማለት ነው። ጃፓኖች ከጥንት ጀምሮ ሥጋ በል ሕዝብ እንደ ነበሩ የሚገምት ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ675 ንጉሠ ነገሥት ተንሙ የበሬ፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ በዓመቱ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት እንዳይበላ ከልክለው ነበር። ከዚያም ወዲህ በቡድሃ ሃይማኖት ተጽዕኖ የከብት ሥጋ ለብዙ ምእት ዓመታት ከገበታቸው ርቆ ኖሯል። ንጉሠ ነገሥት ሜጂ እ.ኤ.አ. በ1872 የበሬ ሥጋ መብላታቸው ለሕዝብ ሲነገር አዲስ ዘመን ተከፈተ። ያኪኒኩ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በአገሪቱ ይኖሩ በነበሩ ኮሪያውያን አማካይነት የተስፋፋ ነው። ከሚቀርቡት ብልቶች አንዱ የሆነው የጎድን ሥጋ እስከ ዛሬ ካሩቢ በተባለ ከኮሪያ ቋንቋ በመጣ ስም ይጠራል። ጾምን ለምናውቅ ለእኛ፣ ሥጋን ለዘመናት ከልክሎ በኋላ በጥንቃቄ የተቀበለ ሕዝብ ታሪክ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

እኔም ለሙያ ሥልጠና በዚያ አገር በቆየሁበት ጊዜ አስተናጋጆቻችን ወደ አንዱ ያኪኒኩ ቤት ወሰዱን። በገበታው መካከል የከሰል ምድጃ አለ። ሥጋው በስሱ ተቆርጦ ጥሬውን ይቀርባል፤ እያንዳንዱ እንግዳ የራሱን እየጠበሰ ይበላል። ምላሱ፣ ጎድኑ፣ ሽንጡ፣ አንጀቱ ሳይቀር በየተራ ይመጣል። ፍሙን ሳይ ሸክላ ጥብሳችን ትዝ አለኝ፤ በገበታ ዙሪያ ያለው ሳቅና መጎራረስን የሚመስለው መጋበዝ ከእኛው አይለይም። ሁለት ነገሮች ግን ቀልቤን ሳቡት።

አንደኛው መቆንጠጫው ነው። ጥሬውን ሥጋ ወደ ምድጃው የሚያነሡበት መቆንጠጫ ለብቻው ተቀምጧል፤ የበሰለውን የሚበሉት በሌላ ነው። አንዱ እንግዳ ቢሳሳት አጠገቡ ያለው በትሕትና ያርመዋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። በእኛ ሥጋ ቤት ግን ጥሬውን የቆረጠው ቢላዋ፣ የተቆረጠበት እንጨትና የያዘው እጅ ከጥሬው ወደ በሰለው፣ ከገንዘቡ ወደ ሥጋው ያለ ልዩነት ሲመላለሱ እናያለን።

ሁለተኛው በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የዕለቱ ሥጋ የመጣበት ከብት መለያ መሆኑን አስረዱን። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 በጃፓን የእብድ ላም በሽታ በተገኘ ጊዜ ሕዝቡ የከብት ሥጋን ፈራ፤ ሥጋ ቤቶች ደንበኛ አጡ። መንግሥት በ2003 ሕግ አወጣ። በአገሪቱ ያለ እያንዳንዱ ከብት በጆሮው ቁጥር እንዲይዝ፣ ቁጥሩም ከቄራ አልፎ እስከ ችርቻሮ መደብርና እስከ ያኪኒኩ ቤት እንዲከተለው ተደነገገ። ደንበኛው ቁጥሩን ይዞ ከብቱ መቼ እንደ ተወለደ፣ የት እንዳደገና መቼ እንደ ታረደ ማወቅ ይችላል። እንግዲህ በሱሉልታ ደንበኛው ሥጋውን ያያል፣ ከብቱን ግን አያውቅም። በዚያ ደንበኛው ሥጋውን በሳሕን ብቻ ያያል፣ ከብቱን ግን ሊያውቅ ይችላል።

ባልደረቦቼ፣ ይህን ስናገር ጃፓንን እንከን የለሽ አድርጌ ለማቅረብ አይደለም። ከዚህ በላይ የሚያስተምረን የደረሰባቸው ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 በአንድ የያኪኒኩ ቤቶች ድርጅት ውስጥ ዩኬ የተባለውን፣ ከክትፎአችን ጋር የሚመሳሰል የተከተፈ ጥሬ ሥጋ የበሉ ሰዎች ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ተመረዙ። ከመቶ በላይ ሰዎች ታመሙ፤ አምስት ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ውስጥ ልጆች ነበሩበት። ከብቱ ቁጥር ነበረው። በጥሬው ስለሚበላ ሥጋ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ መመሪያም ነበር። መመሪያው ግን ምክር እንጂ ቅጣት ያለው ሕግ አልነበረም፤ ስለዚህ ሳይፈጸም ኖረ። ከጥፋቱ በኋላ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ምክሩ ሕግ ሆነ። በጥሬው የሚቀርብ የበሬ ሥጋ ከገጹ 1 ሴንቲሜትር ጥልቀት ድረስ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ ለ2 ደቂቃ እንዲሞቅ፣ ከዚያም የሞቀው ገጽ ተልጦ እንዲወገድ ታዘዘ። በሐምሌ 2012 ደግሞ ጥሬ የበሬ ጉበት ማቅረብ ጨርሶ ተከለከለ።

ገጹ ለምን ተለይቶ እንደ ታዘዘ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ለሥጋ ቤት ባለቤቶች ግን ልናስረዳ ይገባናል። ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ በአብዛኛው ከቆዳና ከአንጀት ተነሥተው በእርድ ጊዜ በሥጋው ገጽ ላይ ያርፋሉ። ሙሉው ሙዳ ሲጠበስ እሳቱ ገጹን ያገኘዋል። ሥጋው ሲከተፍ ግን ገጹ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በላይ የነበረው ከሁሉም ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ሙዳው ደኅና ነው የተባለበት ምክንያት ለክትፎው አይበቃም። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም ጥሬ መሆኑ አይዘነጋ።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጠባይ ያለው ጠላት አለ፤ እርሱም የኮሶ ትል ነው። አባቶቻችን ስሙን ከመድኃኒቱ ዛፍ ጋር አንድ አድርገው ሲጠሩት ኖረዋል፤ ኮሶ መጠጣትንም በየጊዜው የሚፈጸም የቤት ሥርዓት አድርገውት ነበር። የዚህ ትል ዕጭ በሥጋው ገጽ ላይ ሳይሆን በጡንቻው ውስጥ፣ ፈሳሽ በቋጠረ ትንሽ ከረጢት ይቀመጣል። ገጹን ማሞቅ ምንም አያደርገውም። የሚሞተው ሥጋው ከውስጥ 60 ዲግሪ ሲደርስ፣ ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ቀናት ሲቀዘቅዝ ነው። በቄራ የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡንና ትከሻውን ሰንጥቀን የምንፈልገው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ዕጩ ጥቂት በሆነ ጊዜ የሠለጠነ ዓይን እንኳ እንደሚያልፈው ሁላችንም እናውቃለን። የሠለጠነው ዓይን የሚያልፈውን በደጃፍ የቆመው ደንበኛ እንዴት ያየዋል?

ሥጋችንን የሚመለከት ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ደንቡም በ1972 ተከትሎታል። ይህ ጃፓኖች ስለ ጥሬ ሥጋ መመሪያ ካወጡበት ዓመት ከሩብ ምእት ዓመት በላይ ይቀድማል። የጎደለን ወረቀቱ ሳይሆን ወረቀቱ የሚደርስበት ርቀት ነው። በቄራ የተመታው ማኅተም ሥጋው ሲገነጣጠል አብሮ ይጠፋል። በበዓል ዋዜማ በየሰፈሩ ለቅርጫ የሚታረደውን በሬ የሚያይ ሐኪም የለም። በፋሲካና በገና ሰሞን እርዱ በአንድ ሌሊት ሲበዛ፣ ምርመራው ከእርዱ ጋር እኩል ሊሮጥ አይችልም።

ይህ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ካለ ወደ ሰበታ ይመልከት። ጥሬ ሥጋና ጥብስ በሚሸጥባት በዚያችው ከተማ የአገሪቱ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። ደስታ ተብሎ የሚጠራው የከብት በሽታ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ መንጋውን ፈጅቶ አገሪቱን ወደ ክፉ ቀን እንደ ጣላት ከታሪክ እናውቃለን። ኢትዮጵያ ከዚህ በሽታ ነጻ መሆኗ እ.ኤ.አ. በ2008 ታወቀላት፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ተበሠረ። ጃፓን ስለ አንድ ሳሕን ሥጋ ባዘነችበት ዓመት መሆኑ ነው። ደስታን ያጠፋው ክትባት ብቻ አይደለም፤ በየመንደሩ እየዞሩ ናሙና መውሰድ፣ መመዝገብና መዝገቡን ማመን ጭምር ነው። ይህን ሙያ እናውቀዋለን።

ስለሆነም ለጉባኤው ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ ሥጋ ቤቶች የዕለቱን የምርመራ ማስረጃ፣ ቄራውንና የእርዱን ቀን ጨምሮ፣ ደንበኛ በሚያየው ቦታ እንዲለጥፉ ከከተማው አስተዳደር ጋር እንምከር። ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ዛሬ ላይኖረን ይችላል፤ አንዲት ወረቀት ግን አትጠፋም። ወጪው ይበዛብናል የሚሉ ነጋዴዎች ይኖራሉ። መልሳችን የጃፓን ሥጋ ቤቶች በ2001 ያዩት ይሁን፤ እምነት ከጠፋ ደንበኛውም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ በበዓል ዋዜማ የማኅበራችን አባላት በተራ ወደ ቅርጫ ቦታዎች እንውጣ። የምንሄደው ለመክሰስ ሳይሆን መንጋጋውንና ልቡን ሰንጥቆ ለማሳየት ነው። አንድ ጊዜ ዕጩን በዓይኑ ያየ የቅርጫ ማኅበርተኛ በሚቀጥለው በዓል ራሱ ይፈልገናል።

ሦስተኛ፣ በቄራ የምናገኘውን ሁሉ ከብቱ ወደመጣበት ቀበሌ እንመልሰው። የኮሶ ትል የሚያልፈው ከሰው ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ከብት፣ ከከብት ተመልሶ ወደ ሰው ነው። መጸዳጃ ቤት በሌለበት መስክ የሚግጥ ከብት ሁልጊዜ ዕጩን ይዞልን ይመጣል። የጤና ባለሙያዎች ሰውን ካላከሙ የእኛ ቢላዋ ብቻውን ክቡን አይቆርጠውም።

ከዚህ ንግግር በኋላ ጥሬ ሥጋ ትበላለህ ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። መልሴ ሥጋው ባለፈበት መንገድ ላይ ይወሰናል። መንገዱን የማወቅ ዕድል ለእኔ በሙያዬ ተሰጥቶኛል፤ በእሑድ ልጆቹን ይዞ ወደ ሱሉልታ ለሚወጣው አባት ግን አልተሰጠውም። እርሱ ሥጋውን አይቶ እኛን አምኖ ይቀመጣል። ያንን እምነት በየዕለቱ በተለጠፈች ወረቀት እንክፈለው።