ልጃችን ምን ይማር?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በቅርቡ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጁ 10ኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ 11ኛ ሊያልፍ ነው። «ሸኻችን፣ ይህን ልጅ ምከሩልኝ። እኔ ዶክተር እንዲሆንልኝ ዱዓ አደርጋለሁ፤ እሱ ደግሞ ማኅበራዊ ሳይንስ ካልገባሁ ይለኛል» አሉን። ልጁን ጠየቅነው። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «ሒሳብ እወዳለሁ፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ግን አጥንቼም አይገቡኝም። አካውንቲንግ መማር ነው የምፈልገው» አለ። አባትየው ቀበል አድርገው «ዘመድ አዝማዱ ምን ይለኛል?» አሉ።

ወገኖቼ፣ ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በየቤታችን ያለ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለዚሁ እንነጋገር።

ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ገና ልጅ ነበር። ለዘመቻ ልሰለፍ ብሎ ቢመጣም ዕድሜው ስላልደረሰ መመለሱ ይነገራል። ይሁን እንጂ ለትምህርት የተለየ ተሰጥኦ ነበረው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን አይተው የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፤ በግማሽ ወር ገደማ ውስጥ ተማረው። በኋላም በአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመን ቁርኣንን በአንድ ጥራዝ የመሰብሰቡ ከባድ አማና የተሰጠው ለእርሱ ነው። አስተውሉ! የተመለከቱት አላህ በልጁ ውስጥ ያኖረውን ነው። እኛስ ልጃችንን ስናይ የምናየው የእርሱን ተሰጥኦ ነው ወይስ የራሳችንን ምኞት?

ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» በተሰኘው ኪታባቸው ሕክምናና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ እውቀቶች ቆጥረዋቸዋል። በዘመናቸው ሰዉ ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ፣ ሕክምናን የሚማር ሙስሊም መጥፋቱን አጥብቀው ነቅፈዋል። የዛሬው የእኛ ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆኗል። ሁላችንም ወደ ሕክምናና ምሕንድስና በር ብቻ እንጋፋለን። ለመሆኑ የወራሾችን ጉዳይ በሕግ የሚያስፈጽም ጠበቃ፣ የነጋዴውን ሒሳብ በሐቅ የሚመረምር ባለሙያ፣ ለልጆቻችን ጥሩ መምህር፣ ለገበሬው የግብርና ባለሙያ አያስፈልጉንም? ኒያው ካማረ ሁሉም ኸይር ሥራ ነው።

ይሁንና ፍላጎት ብቻውን በር አይከፍትም። በሩ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ግድ ይላል። በአገራችን ያለውን በአጭሩ እንይ።

አንደኛ፣ ምርጫው የሚጀመረው ዩኒቨርሲቲ ሲደረስ ሳይሆን በ11ኛ ክፍል ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ ለሁለቱም ናቸው። ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠ ሕክምና ወይም ምሕንድስና እገባለሁ ማለት አይችልም። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅ ብቻውን፣ ወይም ጓደኛውን ተከትሎ ሊወስነው አይገባም።

ሁለተኛ፣ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በዚያ ዓመት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ አለፉ፤ በ2015 ዓ.ም. ፈተናም እንዲሁ፤ በ2016 ዓ.ም. 5 ያህሉ። 50 ላልደረሱና ለዚሁ የተቆረጠውን ነጥብ ላሟሉ የሬሜዲያል ትምህርት ይሰጣል። እርሱን ያለፈ አንደኛ ዓመት ይገባል። ስለዚህ 50 ያላመጣን ልጅ አዋርዳችሁ መንገዱን አትዝጉበት።

ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ መግባትና የፈለጉትን ዲፓርትመንት ማግኘት ይለያያሉ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ገቢ ተማሪ መጀመሪያ የፍሬሽማን ኮርሶች ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በምርጫው፣ በውጤቱና በቦታው ብዛት ይመደባል። «ገባን» ብሎ በመጀመሪያው ሴሚስተር የተዘናጋ ልጅ ሕክምናን በዚያው ያጣታል። ፎርም ሲሞላም ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫ ለይስሙላ አይጻፍም፤ የሚደርሰው እርሱ ሊሆን ይችላል። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለውና አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አራተኛ፣ የግል ኮሌጅ ለምትመርጡ፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ልጃችሁ የሚማርበት ዘርፍ በዚያው ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አጣሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ ለዲግሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። «ከተማሪዎቻችሁ ስንቱ አለፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም።

ይህን ስንል እኛም ከስህተት አልዳንም። ከመድረሳ ወጥተን ኮሌጅ ልንገባ ስንል ፎርሙን የሞላነው በመጨረሻው ሰዓት፣ የጓደኛችንን ምርጫ ገልብጠን ነበር። ሌሊቱን ኢስቲኻራ ሰግደናል፤ ግን ቀኑን አንድም ሰው አልጠየቅንም ነበር። የማናውቀውን ትምህርት ስንታገል አንድ ዓመት ሙሉ ባከነብን።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲኻራን ለሶሓቦች የቁርኣን ምዕራፍ እንደሚያስተምሩ አድርገው ያስተምሯቸው ነበር። ሹራንም አላህ አዞናል። ኢስቲኻራ የመጠየቅ ምትክ አይደለም። መምህሩን፣ በሙያው ያለን ሰው፣ ዘንድሮ የገባ ተማሪን አማክረን ስናበቃ ውጤቱን ለአላህ የምንሰጥበት ነው። ሕልም መጠበቅም አያስፈልግም። ለሴት ልጆቻችንም እንዲሁ እናድርግ። «ቅርብ ስለሆነ» ብቻ ብለን የማትወደውን አናስይዛት፤ እርሷንም እናማክራት።

ለዚያ አባት ያልናቸው ይህንኑ ነው። በሚቀጥለው ጁሙዓ ከ8ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያሉትን የልጁን ሰርተፊኬቶች ይዘው እንዲመጡ ተቀጣጠርን። ሲሄዱ አባትየው በሩ ላይ ዘወር ብለው ልጁን «አካውንታንት ግን ምን ምን ይሠራል?» ብለው ሲጠይቁት ሰማን። ልጁም እየሄዱ ያስረዳቸው ጀመር። አልሐምዱሊላህ፣ ሹራ ማለት ይኸው ነው።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ እውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይስጣቸው፤ እኛንም የምናዳምጣቸው ወላጆች ያድርገን። አሚን።