24ኛው የእኛ ሰው

አንደኛዋ አቅራቢ፦ ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ መሳተፍ የጀመረችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በረዘመው የጎዳና ውድድር 24ኛ ወጣ፤ ቡድናችንም 9ኛ ሆነ። እኔ ይህን ከታላላቅ ድሎቻችን ተርታ አሰልፈዋለሁ።

ሁለተኛው አቅራቢ፦ እህቴ፣ ሜዳሊያ እኮ የለውም። ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ ከሮም ወርቅ ይዞ ሲመጣ ሕዝቡ ልቡን ለሩጫ ቢሰጥ ይፈረድበታል?

አንደኛዋ አቅራቢ፦ በሕዝቡስ አልፈርድም፣ ወንድሜ። ግን ውጤት የሚመዘነው ከመነሻው ነው። ብስክሌት ብርቱ እግር ብቻ አይበቃውም፤ መለዋወጫ፣ መካኒክ፣ ለውድድር የሚዘጋ አስፋልት ይፈልጋል፤ አውሮፓውያኑ ደግሞ ይህን ሁሉ ይዘው ነው የቀረቡት። ጎረቤታችን አስመራ ግን የብስክሌት ባህሏን ጠብቃ ስለኖረች ልጇ ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 የቱር ደ ፍራንስን አረንጓዴ ማሊያ አሸነፈ። ከእኛ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የቱር ተወዳዳሪ ጽጋቡ ግርማይ እዚያ የደረሰው ከገረመው 60 ዓመት በኋላ ነው። ያን ያህል የዘገየነው ጉልበት አንሶን አይደለም፤ የተጀመረውን የሚያስቀጥል ስላጣን ነው።

ሁለተኛው አቅራቢ፦ ይህስ አሳመነኝ። አድማጮቻችን፣ ለልጆቻችሁ ስለ አበበ ስትነግሩ ገረመውንም አብራችሁ ንገሯቸው።